የእታገኝ አሥራ አንድ አጻጻፍ

ኢቢሳ ዋቅወያ በቢላ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነበር። መብራት በጠፋ ቀን የኪቦርዱን ፊደላት በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይሥልና ተማሪዎቹ ዴስካቸውን በጣታቸው እየነኩ እንዲለማመዱ ያደርግ ነበር ይላሉ። ይህን የነገሩኝ ሁለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ ያየሁት አይደለም። ከዚህ በታች ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የተወለደው በ1982 ዓ.ም. በጊዳ አያና ገጠር ነው። አባቱ ኦቦ ዋቅወያ ገበሬ ነበሩ። ከማሳቸው አጠገብ በ77ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ ሙህዬ የሚባሉ ሰው ያርሱ ነበር። ሁለቱም ያላቸው አንዳንድ በሬ ስለነበር ያቀናጁ ነበር። አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላው በአማርኛ በሬውን ይገሥጻሉ። «ከሰዎቹ በፊት ሁለት ቋንቋ የቻሉት በሬዎቹ ናቸው» የሚለው ቀልድ በዋቅወያ ቤት የቆየ ነው።

የሙህዬ ሚስት በወሊድ ሞተው ነበር። በ1994 ዓ.ም. ሙህዬ ራሳቸው ቀፎ ሊያወርዱ ከወጡበት ዛፍ ወድቀው ሞቱ። እታገኝ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻዋን ቀረች። ኦቦ ዋቅወያ ከቀብር ሲመለሱ ልጅቱን በእጃቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ጉዲፈቻ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ልጁም የአሳዳጊውን ስም ይወስዳል። ዋቅወያ ይህን አልፈጸሙም። «የሙህዬ ስም በእኔ እጅ አይጠፋም» አሉ። ስለዚህ ልጅቱ የዋቅወያ ልጅ ሆና አደገች፣ እታገኝ ሙህዬ ተብላ ተጠራች።

ኢቢሳ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። በትምህርት ቤት የሚማረው በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። የግዕዙን ፊደል ያስለየችው እታገኝ ናት፤ እሷ ከአባቷ ተምራው ነበር። «‹ጨ›ን ገና ‹ጠ› እያልክ ታነባለህ፣ አንተ ደንቆሮ» ትለው እንደነበር ነግሮኛል። ታናሹ ሆና ደንቆሮ የምትለው እሷ ብቻ ነበረች።

በኋላ ቤተሰቡ ወደ ቢላ ገባ። ኦቦ ዋቅወያ በ2008 ዓ.ም. አረፉ። በዓመቱ እታገኝ ጊዳ አያና ተመልሳ ከአባቷ የአገር ልጆች አንዱን አገባች። በየፋሲካው እየመጣች እናቷን፣ ማለት የኢቢሳን እናት አዴ ወርቂቱን፣ ትጠይቅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እሷ ያለችበት ሰፈር ተቃጠለ። ባሏ ሞተ። ማን እንዳቃጠለውና ስንት ሰው እንዳለቀ የሚናገሩ ሌሎች መዝገቦች አሉ፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው እታገኝ ከሟቾቹ ጋር አለመገኘቷ ነው። በእግር ስትወጣ ያዩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም፣ መንገድ ዝግ ነው፣ የሄደ አይመለስም፣ የተመለሰም አላየሁም ይላል።

አዴ ወርቂቱ ልጃቸውን የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ሞታለች ካላችሁኝ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ሞታለች ካላላችሁኝ ፈልጉልኝ።»

ኢቢሳ በ2014 ዓ.ም. ነቀምቴ መጥቶ በተግባራዊ ኮምፒውተር ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመረ። እኔ የማውቀው ከዚህ ወዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን መዝገብና የሚያስረክቡትን የምርምር ሥራ የምይዘው እኔ ነኝ። በየዓመቱ የሚመጣውን አውቃለሁ፤ አንዱ የወባ ተሐዋሲን በፎቶ ይለያል፣ ሌላው የባጃጅ ተራ ማስከበሪያ ይሠራል፣ ሦስተኛው የበቆሎ ዋጋ ይተነብያል። አብዛኛው ተመርቆ ይሄዳል፣ ሥራው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የኢቢሳ ርዕስ የተለየ ነበር። በቁቤ፣ በግዕዝ ፊደልና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተመዘገቡ የሰው ስሞችን የሚያዛምድ ፕሮግራም ሊሠራ ነው። መረጃው የተፈናቃዮች መዝገብ ነው።

አማካሪው ዶክተር ገመቺስ ርዕሱን አንብቦ እንዲህ አለው።

«ይሄ የምርምር ጥያቄ ነው የቤተሰብ ጥያቄ?»

«ሁለቱም ነው ዶክተር።»

«ሁለቱም የሚባል ነገር የለም። እህትህን ፈልግ፣ እኔ አልከለክልህም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ስሟን እንዳላየው። ፈታኞቹ ‹ለራሱ ጉዳይ ነው የሠራው› ካሉ ሁለት ዓመትህ ገደል ገባ።»

ችግሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በቁቤ «ሲ» የምትባለዋ ፊደል «ጭ» ናት። እንግሊዝኛ የለመደ ጸሐፊ ግን «ክ» ብሎ ያነባታል። ስለዚህ ጫልቱ የተባለች ሴት በአንዱ መጠለያ ጫልቱ፣ በሌላው ካልቱ ሆና ትመዘገባለች። «ኤክስ» በቁቤ «ጥ» ናት። ጥሩነሽ የተባሉ አንዲት አሮጊት በአንድ ዝርዝር ላይ «ክስሩነሽ» ተብለው ተገኝተዋል። በኮምፒውተር ላቦራቶሪው ውስጥ ከኢቢሳ አጠገብ የሚቀመጠው ሁዘይፋ ይህን ሲያይ ሳቀ። ሁዘይፋ የነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ ሱቅ ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል።

«አባቴ ይህቺን ሴትዮ በዱቤ አይሸጥላትም» አለ። «ስሟ ራሱ ኪሳራ ነው።»

«አንተ ሳቅ። ቅጠልህ ስም የለውም፣ ምን ቸገረህ።»

የሁዘይፋ ምርምር የቡና ቅጠል በሽታን ከፎቶ መለየት ነበር። «ቅጠል ይሻላል» ይል ነበር። «ቅጠል ከታመመ ቢጫ ይሆናል። ዞር በል፣ ሌላ ሰው ነኝ አይልም።»

እታገኝ የሚለው ስም ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነበር። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲጻፍ መጨረሻው «ጂ-ኤን» ነው፤ ያንን ቁቤ የለመደ ሰው ሲያነበው «ኤታጌግን» ይላል። በትክክለኛው ቁቤ ሲጻፍ መጨረሻው «ኤን-ዋይ» ነው፤ ያንን እንግሊዝኛ የለመደ ሲያነበው «ኢታጋንዪ» ይላል። ይህን ሰምቶ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚመልሰው ሦስተኛ ጸሐፊ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ኢቢሳ በማስታወሻ ደብተሩ አሥራ አንድ አጻጻፍ ዘርዝሯል። ሙህዬ የሚለውም ሰባት አለው። ሰባ ሰባት እታገኝ ሙህዬ ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሰባ ሰባቱንም እንዲያውቅ አድርጎ ሠራው። ለእሷ ያዋለው ትጋት ለሌላውም ስም ጠቀመ እንጂ አልጎዳም፤ ዶክተር ገመቺስም የውጤቱን ጥሩነት አይቶ ምክንያቱን አልጠየቀም።

ፕሮግራሙ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት የሚታወቁ ስሞች ያስፈልጉ ነበር። ኢቢሳ የራሱን፣ የእህቱን የኡርጂንና የወንድሙን የኤባን ስም ከነአባታቸው አስገባ፤ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ በግዕዝ ፊደል፣ አንድ ጊዜ በቁቤ። ስድስት ረድፍ ሆነ። ከእውነተኛው መረጃ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ነበሩ። የሙከራን ከእውነተኛው መለየት እንደሚገባ ሁሉም ተማሪ ይነገረዋል። ሁሉም ተማሪ በኋላ እለየዋለሁ ብሎ ይተወዋል። ዋቅወያ የሚል የአባት ስም ዛሬ በየቀበሌው አይገኝም፤ የአያቶች ዘመን ስም ነው። ስለዚህ «በኋላ በአባቴ ስም ፈልጌ አወጣቸዋለሁ» ብሎ አሰበ።

መዝገቦቹ አራት ናቸው። ሦስቱን ኢቢሳ ራሱ ሄዶ ፎቶ አነሣ፣ ራሱም በኮምፒውተር ጻፋቸው። በየመጠለያው ሲደርስ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ሰዎቹን በመደዳ ያይ እንደነበር ነግሮኛል። መዝገብ የሚያነሣ ሰው ሲመጣ ሁሉም ይወጣል፤ እርዳታ ይመስላቸዋል። እሱም የእያንዳንዱን ፊት ያያል። አራተኛው መጠለያ እዚሁ ነቀምቴ ዳር ያለው ነው። እዚያ ሊሄድ በተቀጠረበት ሳምንት፣ ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አዴ ወርቂቱ ታመሙ የሚል መልእክት ደረሰውና ወደ ቢላ ሄደ።

«አንተ ተመልከት እናትህን» አለው ሁዘይፋ። «እኔ አነሣልሃለሁ። ጽፌም እጠብቅሃለሁ። በለውጡ አንድ ኩንታል ቅጠል ታመጣልኛለህ።»

ሁዘይፋ ኅዳር 24 ቀን ሄዶ መዝገቡን ፎቶ አነሣ፤ በሦስት ቀን ጻፈው። አንድ ነገርም አስተዋለ፤ ለቀልድ የሚሆን ነገር ነው ብሎ ለኢቢሳ ደወለለት። በቢላ ያን ጊዜ ስልክ የሚሠራው ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ነበር፤ እሱም ሲፈልግ። ከዚያ ንግግር ሁለቱም የሚያስታውሱት ይለያያል። ሁዘይፋ «አንድ ዋቅወያ አግኝቼልሃለሁ፣ ዘመድህ ሳትሆን አትቀርም፣ መጥተህ ሰላም በላት አልኩት» ይላል። ኢቢሳ የሰማው «ዋቅወያ» የሚለውንና «ዘመድህ» የሚለውን ነው። ሁዘይፋ የሙከራ ረድፎቹን አይቶ የሚቀልድበት መሰለው። «እሺ እሺ፣ እነሱ የሙከራ ናቸው፣ አትንካቸው» አለ። መስመሩ ተቋረጠ። ኢቢሳ ከተመለሰ በኋላም ሁዘይፋ ነገሩን አላነሣውም። ቀልድ ሁለት ጊዜ አይነገርም።

ኢቢሳ በታኅሣሥ መጀመሪያ ተመለሰ። እናቱ ድነው ነበር። የአራተኛው መዝገብ ተጽፎ ስለጠበቀው ወደዚያ መጠለያ አልሄደም። ታኅሣሥ 20 ቀን መረጃውን አጸዳ። ማጽዳት የእነሱ ቃል ነው፤ የተደገመውን፣ የተበላሸውንና የሙከራውን ማውጣት ማለት ነው። በአባት ስም ደረደረው። ዋቅወያ የሚሉት ተከታትለው መጡ። ሁሉንም በአንድ ላይ መረጠና ሰረዘ።

ከዚያ ፕሮግራሙን በእታገኝ ስም አስኬደው። አልተገኘችም። የማዛመጃውን ልክ ዝቅ አድርጎ እንደገና አስኬደው። እታፈራሁ የምትባል ሴትና እቴነሽ የሚባሉ ባልቴት ወጡለት፤ ሁለቱንም ሄዶ አያቸው፤ አይደሉም። ይህን እስከ መጋቢት ድረስ እየመላለሰ እንዳደረገ ከፋይሎቹ ቀን ማየት ይቻላል፤ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ነው።

ዲፌንሱ፣ ማለት ተማሪው በፈታኞች ፊት ሥራውን የሚያስረዳበት ቀን፣ ሰኔ 12 ሆነ። እኔ የቃለ ጉባኤውን ቅጽ ስለማመጣ በክፍሉ ነበርኩ። ከፈታኞቹ አንዱ «ለመሆኑ ያገናኘኸው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀው። አርባ ሦስት ሰዎች በሁለት መዝገብ ላይ በተለያየ አጻጻፍ እንዳሉ ፕሮግራሙ አሳይቶ ነበር፤ ከእነሱም አንዲት እናት ልጇን በዚሁ ምክንያት አግኝታለች። ፈታኞቹ አጨበጨቡ። በጣም ጥሩ ተባለ። ኢቢሳም አመስግኖ ላፕቶፑን ዘጋ። ወደ ቢላ ሄዶ ለእናቱ የነገራቸው ግን ሌላውን ነው።

«በአራቱም መዝገብ የለችም።»

«የለችም ማለት ሞተች ማለት ነው?»

«አይደለም እማ። መዝገብ ላይ የለችም ማለት ነው።»

«እንግዲያ ሌላ መዝገብ ፈልግ።»

የምርምር ሥራውን ለማስረከብ ወደ እኔ ክፍል የመጣው ሐምሌ 3 ቀን፣ ረቡዕ ነው። ሰው መረጃ ሰብስቦ ከሆነ ከወረቀቱ የቆጠረውና በፋይሉ ያለው ቁጥር እኩል መሆኑን ሳላይ አልፈርምም። ይህን የጠየቀኝ ደንብ የለም፤ የራሴ አሠራር ነው። ተማሪዎቹ በዚህ አይወዱኝም። እነዚያን መዝገቦች በተመለከተ ደግሞ እኔም የምፈልገው አንድ ስም ነበረኝ። አላገኘሁትም፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም።

አራቱ መዝገቦች 612፣ 488፣ 731 እና 487 ሰው ይዘዋል፤ በድምሩ 2,318 ነው። ፋይሉ 2,317 ይላል።

«ኦቦ ገቢሳ፣ ከሁለት ሺህ ሰው አንድ ነው እኮ የጎደለው» አለኝ።

«እኔም የምልህ እሱን ነው። አንድ ሰው ጎድሏል።»

«ሁለት ጊዜ የተጻፈ ይሆናል፤ ስናጸዳ ወጥቶ ይሆናል።»

«የወጣው በሌላ ገጽ ተዘርዝሯል፤ አይቼዋለሁ። ይሄኛው እዚያም የለም።»

ሳቀ። ደስ ብሎት ነበር፤ በማግስቱ ወደ ቢላ የሚሄድበት ሚኒባስ ቦታ ይዞ ነበር። «እሺ፣ እንቁጠር» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ከፎቶው ተራ ቁጥርና ስም እጠራለሁ፣ እሱ ከፋይሉ «አለ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መዝገቦች ልክ ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸው ድምር ይገጥማል። አራተኛውን ከአንድ ጀመርን። ሦስት መቶ ስምንት ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

«ሦስት መቶ ዘጠኝ» አልኩ። «ሜቲ ዋቅወያ። ሴት። ዕድሜ ሠላሳ አንድ። የትውልድ ቦታ ጊዳ አያና። የቤተሰብ ብዛት፣ ብቻዋን።»

«አለ» አላለም። ቀና ብዬ ሳየው ፋይሉን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«እንደገና በለው።»

እንደገና አልኩት። ተነሥቶ ፎቶውን ከእጄ ወሰደ። የመዝጋቢው ጽሑፍ በቁቤ ነው፤ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ስሕተት የለበትም። ከስሙ መጨረሻ የፊርማ ቦታ አለ። ብዙዎቹ በጣት አትመዋል። እሷ ፈርማለች፤ በግዕዝ ፊደል ነው፤ «እ» የምትመስል ፊደልና አንድ መስመር።

«የሙከራዎቹ ስንት ነበሩ?» ብዬ ጠየቅሁት። ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። ስድስት ይላል። የሰረዘው ስንት እንደሆነ ፋይሉ ይዞታል፤ ሰባት ይላል።

ለሁዘይፋ ደወለ። ሁዘይፋ ከአባቱ ሱቅ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚናገር እኔም እሰማው ነበር። «ነግሬህ ነበር እኮ። ዋቅወያ የምትባል ዘመድህን አገኘሁ ብዬህ አልነበር? የሙከራ ናት አልከኝ።» ከዚያ «ምነው? ማናት?» አለ። ኢቢሳ ስልኩን ዘጋው።

በባጃጅ ሄድን። ከግቢያችን በር እስከ መጠለያው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በመንገድ ላይ ኢቢሳ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «ሜቲ የምትባል ሌላ ሴት ትሆናለች።» ያንን ያለው እውነት እንዲሆን ፈልጎ ነው ወይስ እንዳይሆን፣ ለይቼ አላወቅሁም።

የመጠለያው ኃላፊ መዝገቡን ገልጦ በተራ ቁጥር 309 ላይ የተጻፈውን አሳየን። ሁለት ቃል ተጨምሮበታል፤ ሞታለች፣ ግንቦት 11። ትኩሳት ነው አለ፤ አራት ቀን ታማ ነው፤ በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ታሞ ነበር። ከእሷ ጋር በአንድ ሸራ ሥር የኖሩት ሴት አሉ ብሎ አስጠራልን። ሸዋርጋ ይባላሉ፤ ቀድሞ በአያና ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ናቸው።

«ሜቲን ያውቋታል?» አላቸው ኢቢሳ።

ሴትየዋ ኃላፊውን አዩ። እሱ ዞር ብሎ ሄደ።

«ስሟ ሜቲ አልነበረም» አሉ። «አሁን ብናገረው ምን ይጎዳታል። እታገኝ ነበረች። መንገድ ላይ ሰው ስም ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ያየች ልጅ ናት። ኦሮምኛዋ እንደ አገሬው ሰው ነው፣ ማን ይለያታል። ያሳደገኝ ሰው ስም ነው፣ ከሰው አልሰረቅሁም ትለኝ ነበር። አንተ ማነህ?»

«ወንድሟ ነኝ።»

ሸዋርጋ ከራስ እስከ እግሩ አዩት። ከዚያ «መምህሩ?» አሉ። «ነቀምቴ የሚማረው?»

ኢቢሳ ወደ እኔ ዞረ። እኔ «አዎ፣ እሱ ነው» አልኩ።

«ታውቅ ነበር እኮ። ከቢላ የመጣ ሰው ነግሯታል። አንድ ቀን ልብሷን አጥባ ሄደች፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ድረስ። ዘበኛው መታወቂያ አምጪ አላት፤ ሥራው ነው፣ ሁሉንም ይጠይቃል። መታወቂያዋ ላይ ያለው እታገኝ ነው፤ እዚህ የተጻፈችው ሜቲ ነው። ያንን አውጥታ ብታሳይ እዚህ ምን እንደሚሏት ፈራች። ረስቼዋለሁ ብላ ተመለሰች።»

«ስልክስ? ሰው አትልክም ነበር?» አለ ኢቢሳ።

«ማንን ልላክ ትል ነበር። አንድ ቀን መዝገብ የሚያነሣ ልጅ ከዚያው መጣ። ስሙን አላወቅንም። ያ ልጅ ስሜን ሲያነብ ሳቀ፣ ዋቅወያን ያውቃል፣ ይነግርልኛል አለች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወደ በሩ በኩል ነበር የምትቀመጠው።»

መቃብሯን አሳዩን። እንጨት ላይ በቁቤ ሜቲ ዋቅወያ ተብሏል። ኢቢሳ ቆሞ አየው፤ አልነካውም፤ አላለቀሰም። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ «ታኅሣሥ ሃያ ነው የሰረዝኩት። ስንት ቀን ይሆናል?» አለኝ። ሳይጠይቀኝ ቆጥሬው ነበር። አንድ መቶ አርባ አንድ ቀን ነው አልኩት። ባልነግረው ይሻል እንደነበር ዛሬ አስባለሁ።

ያን ቀን ማምሻውን ላቦራቶሪው ገብቶ የሰረዘውን ረድፍ መለሰው። ፕሮግራሙን አስኬደው። እታገኝ ሙህዬን ከሜቲ ዋቅወያ ጋር ሲያወዳድር ከመቶ አራት ነው የሰጠው። ምንም አይመሳሰሉም። ልክ ነው፤ አይመሳሰሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰዎች ስም በጸሐፊዎች እጅ እንዴት እንደሚበላሽ አጥንቷል። የእሷ ስም አልተበላሸም፤ አውቃ ነው የተወችው። ያንን ረድፍ ሊያውቅ የሚችል ፕሮግራም የለም። ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ የሰረዘውም እሱ ነው።

በማግስቱ ወደ ቢላ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ሄድኩ። አዴ ወርቂቱ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ሲገባ ባዩ ጊዜ ነገሩን አወቁ፤ ወንበር ሳይሰጡን ተቀመጡ። ኢቢሳ በኦሮምኛ ነገራቸው። ጎረቤት ሴቶች ሰምተው ማልቀስ ሲጀምሩ አዴ ወርቂቱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«የት ነበረች?»

«ነቀምቴ።»

«አንተ ያለህበት ነቀምቴ?»

«እዚያው።»

«መዝገብ ላይ የለችም አላልከኝም?»

«በአባባ ስም ነው የተመዘገበችው። ሜቲ ዋቅወያ ብላ።»

አዴ ወርቂቱ ይህን ስም በከንፈራቸው ደገሙት።  ወጣ ብዬ ልተዋቸው ብዬ ነበር፤ ኢቢሳ የእናቱን ቀሚስ እንደሚይዝ ልጅ የኮቴን ጫፍ ይዞ ስለነበር አልተነሣሁም።

«አንተ አላየኸውም ማለት ነው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። የሰጡት መውጫ ነበር። አላየሁም ቢል ያበቃ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልናገርም ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ሜቲ የሚለውን አይቻለሁ እማ። ይሄን ደግሞ መቼ ጻፍኩት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሀቄ።»

ሀቄ ማለት ጠረግሁት ማለት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ነገር እንደሚጠረግ። መሰረዝንም ኦሮምኛው በዚሁ ቃል ይጠራዋል።

አዴ ወርቂቱ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው ነጠላቸውን አወረዱና ማልቀስ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። እታገኝ ብለው ነው ያለቀሱት፤ አንድ ጊዜም ሜቲ አላሉም።

ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መጡ፤ ከአያና መንገድ የተከፈተላቸው ጥቂት ሰዎችም መጡ። ለሟች ወንድም የሚሰጠው ቦታ ከእናቱ አጠገብ ነው፤ እዚያ ወንድሙ ኤባ ብቻውን ተቀመጠ። ኢቢሳ በድንኳኑ ጫፍ፣ ለአንድ ሰዓት መጥተው ከሚሄዱት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። ማንም ወደዚያ ሂድ አላለውም። ማንም ግባ አላለውም።